ከአሁኑ ልብህ አርባ ምንጭ ቢደርስ ምን አለበት?

«ወደ አርባ ምንጭ ልሄድ ሁለት ወር ይቀረኛል፤ ከአሁኑ ልቤ እዚያ መድረሱ ጤና ነው?» ላልከው፣ ጤና ነው ወንድሜ። እንዲያውም ግማሹ ደስታ እዚህ ነው። በሐሳብ ሲጓዙ ጎማ አይፈነዳም።

ማታ ማታ ሻይህን ይዘህ ካርታውን ክፈት። አባያና ጫሞ ሐይቆች፣ መሃላቸው የእግዜር ድልድይ የሚባለው መሬት። የጫሞን አዞዎች ለማየት ጀልባው ስንት ሰዓት ቢነሳ እንደሚሻል እዚያው ያሉትን ደውለህ ጠይቅ፤ ወሬው ራሱ ያዝናናል።

ከከተማው በላይ ተራራው ላይ ላለው የዶርዜ መንደር ግን ቀን ሙሉ ስጥ። የዝሆን ፊት የሚመስለውን የቀርከሃ ቤት፣ ትኩስ ቆጮ በማርና በዳጣ እያሰብክ ቢሮ ውስጥ ምራቅህን ብትውጥ ማን ያይሃል?

ሰዓቱን በሙሉ አትሸንሽነው፤ አንድ ከሰዓት ባዶ ይሁን። ደግሞ ዶርዜ ደጋ ነው፣ ሹራብ ያዝ።