ያለ ኤሌክትሪክ የሚሠራ የአሉም መጨመሪያ

ጥያቄ፦ የምህንድስና ተማሪ ነኝ። ለአነስተኛ የውሃ ማጣሪያ ጣቢያ ያለ ኤሌክትሪክ አሉም (በውሃ ውስጥ ያለውን ቆሻሻ አሰባስቦ የሚያዘቅጥ ኬሚካል) የሚጨምር መሣሪያ ነድፌአለሁ። የአሉሙ መውጫ ቀዳዳ ከተንሳፋፊ ጋር የተያያዘ ነው። የሚገባው ውሃ በግማሽ ሲቀንስ አሉሙ ግን በግማሽ አይቀንስም። ምክንያቱ ምንድን ነው? መሣሪያውንስ እንዴት ልፈትነው?

መልስ፦ ጥፋቱ የተንሳፋፊው ሳይሆን የቀዳዳው ነው። በቀዳዳ የሚወጣ ፈሳሽ የሚከተለው ከቀዳዳው በላይ ያለውን የፈሳሽ ከፍታ ስኩዌር ሩት ስለሆነ፣ ከፍታው በግማሽ ሲወርድ ፍሰቱ ወደ 71 በመቶ ብቻ ይወርዳል፤ ውሃው በዚህ ምክንያት ከሚገባው 41 በመቶ ያህል የበለጠ አሉም ይደርሰዋል።

እ.ኤ.አ. በ2005 በአሜሪካው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው አጉዋክላራ የተባለ የውሃ ማጣሪያ ፕሮግራም በሆንዱራስ ትንንሽ ከተሞች ለተሠሩ ጣቢያዎች የመረጠው መንገድ ቀዳዳውን በቀጭንና ረጅም ቱቦ መተካት ነው። በእንዲህ ያለ ቱቦ ውስጥ ፈሳሹ ሳይናወጥ ስለሚሄድ ፍሰቱ ከከፍታው ጋር እኩል ይጨምራል፣ እኩል ይቀንሳል። በመግቢያው ገንዳ ደግሞ ወደ ላይ በሄደ ቁጥር ቀዳዳው የሚያንስ ቧንቧ ቆሞ የውሃውን ከፍታ ከፍሰቱ ጋር ያመጣጥናል። ተንሳፋፊው ከፍ ሲል የተያያዘበት ዘንግ ሌላኛው ጫፍ የቱቦውን መውጫ ዝቅ ያደርጋል፤ በአሉሙ መያዣ ውስጥ ያለው የፈሳሽ ከፍታ ግን በተንሳፋፊ ቫልቭ ስለሚጠበቅ አይለወጥም። ከአሉሙ ቱቦና ከመግቢያው ቧንቧ አንዱ ብቻ ቢስተካከል ምንም አይጠቅምም።

ሙከራውን በቧንቧ ውሃ ጀምሮ በዚያው መጨረስ ብዙ ጊዜ የሚታይ ልማድ ቢሆንም፣ እኔ አልደግፈውም፤ የተበጠበጠ አሉም ከውሃ ይልቅ ወፈር ስለሚል በቱቦው ውስጥ ቀስ ብሎ ይሄዳል። ቅዝቃዜም እንዲሁ ነው፦ ውሃ ከ20 ወደ 10 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲወርድ በዚያው ቱቦ የሚያልፈው በሩብ ገደማ ይቀንሳል። ስለዚህ ጣቢያው በሚጠቀምበት ብጥብጥ፣ በተለያየ ከፍታ፣ በመለኪያ ሲሊንደርና በሰዓት ይለኩ። ለምሳሌ በሰከንድ 10 ሊትር ለሚገባ ውሃ በሊትር 30 ሚሊ ግራም ቢፈለግና ብጥብጡ በሊትር 100 ግራም ቢሆን፣ በደቂቃ 180 ሚሊ ሊትር መውጣት አለበት፤ ውሃው 5 ሊትር ሲሆን ደግሞ 90። ዝቅተኛው ፍሰት ትክክል ሆኖ ከፍተኛው ከጎደለ፣ ቱቦው የተጠማዘዘ ወይም መገጣጠሚያው የጠበበ መሆኑን ይመርምሩ።

የቱቦው ውስጣዊ ስፋት በተለይ ጥንቃቄ ይሻል። ፍሰቱ የዲያሜትሩን አራተኛ ፓወር ስለሚከተል፣ ዲያሜትሩ 10 በመቶ ሲጠብ ከፍሰቱ ሲሶው ይጠፋል። ይኸው መሣሪያ ለካልሲየም ሃይፖክሎራይትም (ጀርም ለመግደል ውሃ ውስጥ ለሚጨመር የክሎሪን ውህድ) የሚውል ከሆነ ነጭ ደለል ቱቦውን ቶሎ ያጠብበዋልና፣ ውስጡ የሚታይ ቱቦ ይምረጡ፤ ደለሉን ኮምጣጤ ያሟሟዋል፤ ክሎሪን ከአሲድ ጋር ሲገናኝ መርዛማ ጋዝ ስለሚወጣ ግን ቱቦው አስቀድሞ ተነቅሎ በውሃ ይታጠብ።