ዋሻ ለመግባት የትኛውን ባትሪ ልግዛ ላልከው

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ደጋግሜ አነበብኩት። ከሦስት ጓደኞችህ ጋር ረዘም ያለ ዋሻ ልትገቡ ነው። ብርሃኑን ለማጥበብና ለማስፋት አንገቱ የሚሳብና የሚገፋ፣ 100,000 ሉመን የሚል የተጻፈበት ትልቅ የእጅ ባትሪ አይተሃል። «ይሄ አንዱ ለአራታችን አይበቃም ወይ?» ብለሃል። ቀይ መብራት ያለው ይሻላል ወይ ብለህም ጠይቀሃል።

አይበቃም። ቁጥሩም እውነት አይደለም። እያንዳንዳችሁ ግንባር ላይ የሚታሰር የየራሳችሁ መብራት ያስፈልጋችኋል። ገንዘባችሁንም ለድምቀት ሳይሆን መብራቱ ለሚቆይበት ሰዓት አውጡት። መልሴ ትንሽ ይረዝማል፤ ጨለማ ውስጥ ከመግባትህ በፊት ግን ይህን ብታውቅ ደስ ይለኛል።

ከቁጥሩ ልጀምር። ሉመን ማለት ከባትሪው የሚወጣው ብርሃን ጠቅላላ ድምር ነው። ብርሃኑ ደግሞ የሚመጣው የባትሪ ድንጋዩ ውስጥ ካለው ኃይል ነው፤ ሌላ ምንጭ የለውም። ቻርጅ በሚደረጉ ባትሪዎች ውስጥ በብዛት የምታገኘው 18650 የሚባለው የሊቲየም ድንጋይ ነው። ውፍረቱ 18 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ 65 ሚሊ ሜትር ነው። ጥሩው 3,500 ሚሊ አምፔር ሰዓት አካባቢ ይይዛል። ቮልቴጁ 3.6 ስለሆነ በጠቅላላው 12 ዋት ሰዓት ገደማ ኃይል አለው። ጥሩ ኤልኢዲ (ብርሃን የምትሰጠው ትንሿ አምፖል) ደግሞ ከአንድ ዋት ከ100 እስከ 150 ሉመን ያወጣል።

አሁን አባዛው። ከአንድ ዋት 120 ሉመን ብለን ብናሰላው አንዱ ድንጋይ 1,400 ሉመን ለአንድ ሰዓት ያህል ይሰጥሃል። ወይም 140 ሉመን ለ10 ሰዓት። ሁለቱንም አንድ ላይ ማግኘት አትችልም። እውነተኛ 100,000 ሉመን ከ800 ዋት በላይ ይፈልጋል። በዚህ አወጣጥ ድንጋዩ አንድ ደቂቃ እንኳ አይዘልቅም። እንዲያውም ያን ያህል ከረንት መስጠት ራሱ አይችልም። ስለዚህ ማሸጊያው ላይ እንዲህ ዓይነት ቁጥር ካየህ፣ የጻፈው ሰው ስለሌላውም ነገር እውነቱን እንደማይነግርህ ቁጠረው። ድንጋይ ላይም ያው ነው። በ18650 መጠን 9,900 ሚሊ አምፔር ሰዓት የሚል ካጋጠመህ ተወው። በዚያ መጠን እንዲህ የሚይዝ ድንጋይ የለም።

ታዲያ ስንት ይበቃል? ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ከ50 እስከ 100 ሉመን ይበቃሃል። ከዚያ በላይ ሲሆን ቅርብ ያለው ግድግዳ ብርሃኑን መልሶ ዓይንህ ላይ ይረጨዋል። ጣሪያው የራቀ ሰፊ አዳራሽ ስትደርስ 300 እና ከዚያ በላይ ለጥቂት ደቂቃ ይጠቅማል። ዙሪያህን ታያለህ፣ መንገድህን ትለያለህ፣ ከዚያ ትቀንሰዋለህ። ዓይናችን ብርሃንን በቀጥታ እንደማይቆጥርም ልብ በል። ሉመኑ እጥፍ ሲሆን እጥፍ የደመቀ አይመስልህም። እጥፍ መስሎ እንዲታይህ አራት እጥፍ ገደማ ያስፈልጋል። በዚያች ትንሽ ልዩነት ስንት ሰዓት እንደምትከስር አስበው። ድሮ ዋሻ የሚያስሱ ሰዎች ካርባይድ የሚባል ኬሚካል ላይ ውሃ እያንጠባጠበ አሲታይሊን ጋዝ የሚያወጣ መብራት ነበር የሚይዙት። ነበልባሉ ትንሽ ነበር፤ ብርሃኑ ግን ሰፊና የማያቋርጥ ነበር። በዚያ ብርሃን ትልልቅ ዋሻዎች ተጠንተዋል።

ሰዓቱን እንዴት ታውቃለህ? ብዙ የታወቁ አምራቾች ኤኤንኤስአይ ኤፍኤል1 (ANSI FL1) በሚባለው የእጅና የግንባር መብራቶች መለኪያ ይለካሉ፤ ምልክቱም ማሸጊያው ላይ ይኖራል። ግን እሱንም በጥንቃቄ ነው የሚነበበው። የሚጻፈው ሰዓት ብርሃኑ ከመነሻው ወደ 10 በመቶ እስኪወርድ ያለው ጊዜ ነው። «1,000 ሉመን፣ 5 ሰዓት» ቢልህ አምስተኛው ሰዓት ላይ የቀረህ 100 ሉመን ሊሆን ይችላል። ብዙ ደማቅ ባትሪዎች ደግሞ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ሙቀቱን መሸከም ሲያቅታቸው ራሳቸውን ይቀንሳሉ። ስለዚህ ትልቁን ቁጥር እለፈው። መካከለኛው ሞድ (የብርሃን ደረጃ) ላይ ስንት ሉመን ለስንት ሰዓት ይላል? እኔ ባትሪ ስመርጥ መጀመሪያ የማየው ይህን ነው። ሰዓቱ ዋሻ ውስጥ እቆያለሁ ብለህ ካሰብከው ቢያንስ እጥፍ ይሁን። መግባት እንጂ መውጣት በዕቅድ አይሄድም።

ርቀትም እንዲሁ ነው። የሚጻፈው ሜትር ብርሃኑ 0.25 ሉክስ እስኪሆን ያለው ርቀት ነው፤ ሉክስ አንድ ቦታ ላይ የሚያርፈው ብርሃን መለኪያ ነው። ይህም ሙሉ ጨረቃ በጠራ ሌሊት የምትሰጠውን ያህል ብርሃን ነው። እርጥብ ድንጋይና ስንጥቅ ለመለየት አይበቃም። የተጻፈውን ርቀት ሳይ ግማሹን ብቻ ነው የማምነው። የጨረሩን ጥንካሬ የሚለካው፣ ካንዴላ የሚባለው ቁጥር ካለ ራስህም ማስላት ትችላለህ። ስኩዌር ሩቱን አውጣና በሁለት አባዛው። 10,000 ካንዴላ 200 ሜትር ይሆናል።

አሁን ወደ ግንባር መብራቱ። ዋሻ ውስጥ እጅህ ሥራ አለው። ትደገፋለህ፣ ትንፏቀቃለህ፣ ጓደኛህን ትስባለህ። በአንድ ጉዞ ላይ አብሮን የነበረ ልጅ የያዘው ትልቅ የእጅ ባትሪ ብቻ ነበር። ደረቱን መሬት አስነክቶ ማለፍ ያለበት ጠባብ ቦታ ላይ ባትሪውን የሚያስቀምጥበት አጣ። መሬት ለመሬት እየገፋ ሄደ፤ ብርሃኑ አንዴ ግድግዳ፣ አንዴ ከፊቱ ያለው ሰው ጫማ ላይ ያርፍ ነበር። ከኋላው ያለነው ሁሉ ቆመን ጠበቅን። ግንባርህ ላይ ቢሆን ያየኸው ቦታ ሁሉ ይበራል፣ እጅህም ነፃ ነው። ሄልሜት ላይ የሚታሰር ከሆነ ማሰሪያው እንዳይንሸራተት አስቀድመህ ሞክረው። ሄልሜት ሳይኖርህ ደግሞ አትግባ፤ ጣሪያውን ከመብራቱ ቀድሞ የሚያገኘው ጭንቅላትህ ነው።

የእጅ ባትሪ አያስፈልግም እያልኩህ ግን አይደለም። የግንባር መብራት አንድ ድካም አለበት። ብርሃኑ ከዓይንህ አጠገብ ስለሚወጣ ጥላ አታይም፤ መሬቱም ሜዳ ይመስልሃል። ጉድጓድና እብጠት ሲምታታብህ ሌላ መብራት ወገብህ አካባቢ ዝቅ አድርገህ አብራ። ጥላው ወዲያው ይወጣል። ትንፋሽና ጭጋግ ባለበትም እንደዚሁ አድርግ። እርጥበት በበዛበት ዋሻ ግንባርህን ስታበራ ፊትህ ነጭ ግድግዳ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ሲደምቅ ይብሳል። ግንባርህን ቀንሰህ ከወገብህ ስታበራ መንገዱ ይገለጣል። ይህን ደጋግሜ አይቼዋለሁና እመነኝ።

የብርሃኑ ቅርጽም አለ። አንዳንዱ በቀጭኑ ሩቅ ይወረውራል፣ አንዳንዱ በቅርቡ በሰፊው ይዘረጋል። ለግንባር የምትፈልገው ሰፊውን ነው፤ እግርህንና ግራ ቀኝህን በአንድ ጊዜ ማየት አለብህ። ጥልቅ ገደል ወይም ሩቅ ጣሪያ ለማየት ደግሞ አንድ ወርዋሪ የእጅ ባትሪ ለቡድኑ ይበቃል። አንገቱ የሚሳበውን ዓይነት ለዋሻ አልመክርም። የሚንቀሳቀሰው መጋጠሚያ ውሃና ጭቃ የሚያስገባ በር ነው።

ድንጋዩን በተመለከተ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ተራው ድርብ ኤ (AA)፣ ሁለተኛው የሊቲየም ቻርጅ። የሊቲየሙ ኃይሉ ብዙ ነው፣ ለረጅም ጉዞ እሱን እመርጣለሁ። ግን ድንጋዩ የማይወጣ፣ በገመድ ብቻ ቻርጅ የሚደረግ ባትሪ ለዋና መብራት አትያዝ። ሲያልቅ አለቀ ነው፤ ዋሻ ውስጥ ሶኬት የለም። ድንጋዩ የሚወጣ ከሆነ መለዋወጫ ይዘህ በደቂቃ ትቀይራለህ። መለዋወጫውን በፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ዝጋው። ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር ኪስ ውስጥ ከተንጋጋ ሁለቱ ጫፎች ተገናኝተው ሊቃጠል ይችላል። ድርብ ኤ ከሆነ አሮጌና አዲስ አትቀላቅል፤ ደካማው ቀድሞ አልቆ ያፈሳል። ባትሪውን ስታስቀምጠውም አልካላይን ድንጋይ ውስጡ አትተው። ሲያፈስ የሚወጣው ፈሳሽ ብረቱን ይበላዋል።

አንዳንድ ባትሪ ድንጋዩ ሲደክም ቀስ እያለ ይደበዝዛል። ዓይን ስለሚለምደው ግን አይታወቅህም፤ ከእግርህ በታች ያለው መሬት ሲምታታብህ ነው የምትነቃው። ሌላው ደግሞ ብርሃኑን እኩል ይዞ ቆይቶ በድንገት ይወድቃል። እኔ እኩል የሚይዘውን እመርጣለሁ፣ ግን ሊያልቅ ሲል በትንሽ መብራት ወይም በብልጭታ የሚያስጠነቅቅ መሆን አለበት።

ውሃን በተመለከተ ባጭሩ፣ ውሃ የመቋቋም ደረጃው አይፒኤክስ (IPX) ተብሎ ይጻፋል፦ አይፒኤክስ4 ማለት የሚረጭ ውሃ ይችላል ማለት ነው። አይፒኤክስ7 አንድ ሜትር ውሃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ይችላል። አይፒኤክስ8 ከዚያ ያለፈ፣ ልኩን አምራቹ የሚገልጸው ነው። ለዋሻ ከ7 አትውረድ። ክዳኑ ጥርስ ላይ ያለውን ቀለበት ላስቲክም ተመልከት፤ አሸዋ ከገባበት ወይም ከተሰነጠቀ ቁጥሩ ዋጋ የለውም።

ማብሪያውን በጓንት ሞክረው። በጭቃ እጅ የማይገኝ ቁልፍ ጣጣ ነው። ቦርሳ ውስጥ ሳታውቅ እንዳይበራ ደግሞ የሚቆለፍበት መንገድ ይኑረው። ብዙዎቹ ላይ የኋላ ክዳኑን ሩብ ዙር ፈታ ማድረግ ይበቃል።

ከሁሉም አብልጬ የምለምንህ ይህን ነው። ዋሻ የሚገቡ ሰዎች ለአንድ ሰው ሦስት መብራት የሚሉት ዝም ብለው አይደለም። አንዱ ግንባርህ ላይ፣ ሁለተኛው አንገትህ ላይ ወይም በቀላሉ የምትደርስበት ኪስ ውስጥ፣ ሦስተኛው ቦርሳህ ውስጥ። ሁለተኛው ቦርሳ ሥር ከተቀበረ እንደሌለ ቁጠረው። ግንባርህ ሲጠፋ ድንጋይ ለመቀየር ራሱ ብርሃን ያስፈልግሃል። ፍጹም ጨለማ ውስጥ ዓይን ቢቆይም ምንም አያይም፤ የሚያየው ብርሃን የለምና። የወደቀች የባትሪ ድንጋይም በዳሰሳ አትገኝም። ሁለተኛውና ሦስተኛው ውድ መሆን የለባቸውም። 50 ሉመን ለብዙ ሰዓት የሚሰጡ ቀላል ባትሪዎች ይሁኑ፤ ብቻቸውን ሊያስወጡህ የሚችሉ ይሁኑ። ቢቻል ከዋናው ጋር አንድ ዓይነት ድንጋይ ይጠቀሙ፣ ያኔ መለዋወጫው ለሁሉም ይሆናል። ስልክህን ከሦስቱ አትቁጠረው። ጭቃ አይወድም፣ እጅህን ይይዛል፣ ከወጣህ በኋላም ለመደወል ትፈልገዋለህ።

ባትሪ የማይነግርህ ነገርም አለ። መጥፎ አየር። ለረጅም ጊዜ የተዘጋ ጉድጓድ፣ የድሮ ማዕድን ማውጫ ወይም ታንከር ውስጥ ኦክስጅን ሊያንስ ይችላል፤ ብርሃንህ ግን እንደነበረ ይበራል። የሚቀጣጠል ጋዝ ሊኖር በሚችልበት ደግሞ ተራ ባትሪ ማብራት ራሱ አደጋ ነው። ለዚያ ብለው የተሠሩና የተመሰከረላቸው መብራቶች አሉ። እንዲህ ያለ ቦታ ከሆነ ባለሙያ ሳይኖር አትግቡ።

ቀይ መብራቱን በተመለከተ፣ ውጭ በሌሊት ከዋክብት ለሚያይ ወይም ድንኳን ውስጥ ላለ ሰው ጥሩ ነው። ዓይን ጨለማን በደንብ ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈጅበታል፣ ቀይ ብርሃን ያንን ብዙ አያበላሽም። ዋሻ ውስጥ ግን በጨለማ የሚታይ ነገር ስለሌለ ጥቅሙ ትንሽ ነው። ለእሱ ብለህ ገንዘብ አትጨምር። ይልቅ አንድ ሉመን አካባቢ የሚወርድ ሞድ ያለውን ፈልግ፤ ስታርፉ ለሰዓታት ይበራል፣ የጓደኛህንም ዓይን አይወጋም። ስታወራ ፊቱ ላይ ማብራት በጣም ያስቸግራል፤ ጎን ለጎን ዞር ብለህ አውራው። የብርሃኑ ቀለም ምርጫ ካለህ ሰማያዊ ከሚመስለው ነጭ ይልቅ ከ4,000 እስከ 5,000 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ) ያለውን ውሰድ፤ የዋሻው ድንጋይና የጭቃው ቀለም በደንብ ይለያል። የሌሊት ወፎች ካጋጠሟችሁ ብርሃኑን ዝቅ አድርጋችሁ፣ ሳትቆሙና ሳትጮኹ እለፉ። ከረጅም እንቅልፋቸው ከተቀሰቀሱ ያጠራቀሙትን ስብ ይጨርሳሉ።

ከገዛህ በኋላ ከጉዞው በፊት ቤትህ ድንጋዩን ሙላና መካከለኛው ሞድ ላይ አብርተህ ተወው። በየሰዓቱ እያየህ መቼ እንደሚቀንስና መቼ እንደሚጠፋ ጻፍ። ከዚያ መብራት አጥፍተህ በጨለማ ድንጋዩን መቀየር ተለማመድ። ዋሻው ውስጥ ውሃ የምትሻገሩበት ወይም በገመድ የምትወርዱበት ቦታ ካለ፣ ስንት ሰዓት እንደምትቆዩም ጨምረህ ጻፍልኝ፤ ምርጫውን አብረን እናጥብበዋለን።