የቩልቱሬው ቀይ ወይን ለምን አፍ ያደርቃል?

ጥያቄ፦ ባለፈው ዓመት ለሥራ ጉዳይ ወደ ደቡብ ጣሊያን ሄጄ በፖቴንዛ ከተማ በአንድ ምግብ ቤት «አሊያኒኮ ዴል ቩልቱሬ» የተባለ ቀይ ወይን ቀረበልኝ። የደቡብ ወይን ፀሐይ የጠገበ፣ ለስላሳና ወደ ጣፋጭነት የሚያደላ ነው ሲባል እሰማ ስለነበር ያንኑ ጠብቄ ብቀምሰው አፌን አደረቀው፣ ድዴን ጨምድዶ ያዘው፤ ኮምጠጥም ይላል። ፍሬው ከተለቀመ ገና ሁለት ዓመቱ ነበር። ወይኑ ተበላሽቶ ነው ወይስ ጠባዩ ነው? አንድ ጠርሙስ ገዝቼ ስለተመለስኩስ ምን ባደርገው ይሻላል?

መልስ፦ የቀመሱት ወይን አልተበላሸም። የተበላሸ ወይን ገና ከመቀመሱ በጠረኑ ይታወቃል፤ ወደ ሆምጣጤነት የተለወጠ እንደሆነ አፍንጫን ይወጋል፣ ቡሹ የበከለው እንደሆነ ደግሞ እንደ ረጠበ ካርቶን ይሸታል። እርስዎ የገለጹልን ከዚህ የተለየ ነው። ድድን ጨምድዶ የሚይዘው ታኒን ሲሆን፣ ኮምጠጥ የሚለው ደግሞ ከፍሬው የመጣው አሲድ ነው፤ አሊያኒኮ የተባለው የወይን ዝርያም የሚታወቀው ሁለቱን በብዛት አጣምሮ በመያዙ ነው።

ታኒን የሚገኘው በዋናነት በፍሬው ልጣጭና በዘሩ ውስጥ ነው። ቀይ ወይን ሲጠመቅ ጭማቂው ከልጣጩና ከዘሩ ጋር አብሮ ስለሚብላላ ቀለሙንም ታኒኑንም ከእነርሱ ይወስዳል። የአሊያኒኮን ፍሬ ነክሶ ዘሩን ያኘከ ሰው ጉዳዩን ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል። ዘሩ አረንጓዴ እንደሆነ ምሬቱ ምላስ ላይ ተጣብቆ ይቀራል፤ ወደ ቡናማነት ሲለወጥና ጥርስ ሥር ቀጭ ብሎ ሲሰበር ግን ምሬቱ እየቀነሰ ይሄዳል። ወይን አምራቾች የለቀማውን ቀን ለመወሰን ማሳው ውስጥ እየተዘዋወሩ ዘር የሚያኝኩት በዚህ ምክንያት ነው።

«የደቡብ ወይን ለስላሳ ነው» የሚለው አባባል ያሳሳተዎት ይመስለኛል። አባባሉ ዝቅተኛና ሞቃት በሆኑት የፑሊያ ሜዳዎች ለሚበቅለው ፕሪሚቲቮ ለተባለው የወይን ዝርያ ብዙ ጊዜ ይሠራል፤ ፖቴንዛ የምትገኝበት የባዚሊካታ ክፍለ ግዛት ግን ተራራማ አገር ነው። በሰሜናዊ ጫፉ የሚገኘው የቩልቱሬ ተራራ 1,326 ሜትር ከፍታ ያለው፣ ከጠፋ ከ100 ሺህ ዓመት በላይ የሆነው እሳተ ገሞራ ሲሆን፣ በአሮጌው የእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ ዛሬ ሁለቱ የሞንቲኪዮ ሐይቆች ተኝተውበታል። ሕጉ «አሊያኒኮ ዴል ቩልቱሬ» ለሚለው ስም የሚፈቅደው ከባሕር ወለል በላይ ከ200 እስከ 700 ሜትር ባለው ከፍታ ላይ የተተከለን ወይን ነው። በእነዚህ ተዳፋቶች ላይ ክረምቱ በረዶ የሚጥልበት ነው፤ በበጋም ቢሆን ቀኑ ሲያቃጥል ውሎ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፣ ቅዝቃዜውም በፍሬው ውስጥ ያለው አሲድ ቶሎ እንዳያልቅ ይጠብቀዋል። አሊያኒኮ በተፈጥሮው ዘግይቶ የሚበስል ዝርያ በመሆኑ በሌሎች የደቡብ አካባቢዎች ለቀማው አብቅቶ ጭማቂው በጋን ውስጥ እየተብላላ ሳለ በቩልቱሬ ዘለላው ገና ከሐረጉ አልወረደም። ለቀማው የሚካሄደው ከጥቅምት መጀመሪያ እስከ ኅዳር መጀመሪያ፣ በአንዳንድ ዓመት በዝናብና በጉም መካከል ነው። እንግዲህ በብርጭቆዎ ውስጥ ያገኙት ኮምጣጣነት የዚህ ከፍታና የዚህ መዘግየት ውጤት ነው።

አፈሩም የራሱን ድርሻ ይወስዳል። በተራራው ሥር ባሉት በባሪሌና በሪዮኔሮ ከተሞች አካባቢ መሬቱ ሲቆረጥ ጥቁር አመድ፣ ፍርክስክስ ያለ የእሳተ ገሞራ ጠጠርና ጤፍ የሚባለው ለስላሳ ድንጋይ ተደራርበው ይታያሉ፤ ይህ ድንጋይ (ጣሊያኖቹ ቱፎ ይሉታል፣ ከእህሉ ጤፍ ጋር ግንኙነት የለውም) የክረምቱን ውኃ እንደ ስፖንጅ መጥጦ በደረቁ በጋ ለሥሩ ጥቂት በጥቂት ያቀብላል። ለመፈልፈል ቀላል ስለሆነም የባሪሌ ሰዎች፣ ብዙዎቹ የአልባኒያ ሰፋሪዎች ዘሮች ናቸው፣ ኮረብታውን ፈልፍለው የወይን ማቆያ ዋሻዎች ሠርተውበታል፤ በዋሻዎቹ ውስጥ ክረምት ከበጋ ሙቀቱ እምብዛም አይለዋወጥም። ወደ ቬኖሳ ከተማ ሲወርዱ መሬቱ ሰፋና ሸክላማ እየሆነ ስለሚሄድ ወይኑም በአብዛኛው ገላው ሞላ፣ ጠባዩ ገራም ይላል። ምርጫው ለእኔ ቢሰጠኝ ወደ ተራራው የቀረበውን እወስዳለሁ።

ይህን ወይን «የደቡብ ባሮሎ» እያሉ የሚሸጡ ብዙዎች ናቸው። ዘግይቶ መብሰሉና የታኒኑ ብርታት ባሮሎ ከተባለው የሰሜን ጣሊያን ዝነኛ ቀይ ወይን ጋር ያመሳስለዋል፤ ነገር ግን ቩልቱሬ የራሱ መልክ ያለው ወይን በመሆኑ በሌላ ስም መጠራቱ ያሳዝነኛል። በጎረቤቱ የካምፓኒያ ክፍለ ግዛት የሚጠመቀው ታውራዚ የተባለ ቀይ ወይን ከዚሁ ዝርያ እንደሚሠራ ማወቁ የበለጠ ይጠቅማል፤ ሁለቱን ጎን ለጎን የቀመሰ ሰው ከዝርያው የመጣውንና ከመሬቱ የመጣውን መለየት ይጀምራል።

ወደ ጠርሙስዎ ልመለስ። አሊያኒኮ ዴል ቩልቱሬ በሕግ የተጠበቀ ስም የሆነው እ.ኤ.አ. በ1971 ሲሆን፣ ይህ መደበኛው ዓይነት ከለቀማው በቀጣዩ ዓመት ለገበያ ሊቀርብ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ «ሱፔሪዮሬ» የሚለው ዓይነት ከፍተኛውን የጥራት ደረጃ አገኘ፤ እርሱ የሚሸጠው ሦስት ዓመት ገደማ ከቆየ በኋላ ሲሆን «ሪዜርቫ» የተጻፈበት አምስት ዓመት ይጠበቃል። እርስዎ በፖቴንዛ የቀመሱት በሁለት ዓመቱ ስለነበር መደበኛው ነው፤ ያውም በልጅነቱ የተከፈተ።

ስለዚህ በገዙት ጠርሙስ ላይ የትኛው ስም እንደተጻፈ አስቀድመው ይመልከቱ። መደበኛው ከሆነ ሁለት ሦስት ዓመት፣ ሱፔሪዮሬ ከሆነ ከዚያም በላይ ቢያቆዩት ታኒኑ እየተያያዘ ይለዝባል፤ ጠርሙሱን ብርሃን በማይገባበትና ቀዝቀዝ ባለ ቦታ ያጋድሙት፣ ቡሹ ከወይኑ ጋር ተገናኝቶ እንዳይደርቅ። አሁኑኑ ሊከፍቱት ከወሰኑ ሰፋ ባለ ማንቆርቆሪያ ገልብጠው ለአንድ ሁለት ሰዓት አየር ያስነኩት፣ በ16 እና በ18 ዲግሪ መካከልም ያቅርቡት፤ ከዚያ በላይ ከሞቀ አልኮሉ ይጎላል። ብቻውንም አይጠጡት። በባዚሊካታ የሚቀርበው ከተጠበሰ የበግ ሥጋ ወይም ከቆየ የበግ ወተት አይብ ጋር ነው፤ ታኒኑ ከምራቅዎ ፕሮቲን ጋር ከመጣበቁ በፊት የሥጋውንና የአይቡን ፕሮቲን ስለሚያገኝ በምግብ ቤቱ ያስቸገረዎት የአፍ መድረቅ በግልጽ ይቀንሳል።

አቆይተው የከፈቱት እንደሆነ ደግሞ ብርጭቆውን በነጭ ጨርቅ ላይ ዘንበል ያድርጉት። መሐሉ ጥቁር ቀይ እንደሆነ ጠርዙ ወደ ጡብ ቀለም ከዞረና ከጠርሙሱ ሥር ጥቂት አተላ ከተገኘ ወይኑ ደርሷል፤ አተላው እንዳይነሣ ቀስ አድርገው ይቅዱት።