ማክያቶ ወይስ ማኪያቶ?

ጥያቄ፦ «ማኪያቶ» ከጣሊያንኛ ግስ የመጣ ነው ይባላል። ግሱ ምን ማለት ነው? ጓደኛዬ ግን ቡናው በማሽን ስለሚፈላ ከ«ማኪና» የወጣ ነው ይለኛል። አጻጻፉስ የትኛው ነው ልክ?

መልስ፦ የጓደኛዎን አባባል በየካፌው እሰማዋለሁ፤ አልቀበለውም። መኪና ያልነው የጣሊያኖቹ «ማኪና» ከግሪክ በላቲን በኩል የወረደ ቃል ነው። ማክያቶ ዘሩ ሌላ ነው። ሥሩ የላቲኑ «ማኩላ» ነው፤ ነጠብጣብ፣ ጉድፍ ማለት። ጣሊያኖች «ማክያ» አሉት፤ ከዚያ «ማክያሬ» የሚለውን ግስ አወጡ። ማክያቶ ከግሱ የወጣ ቅጽል ነው፤ በግእዝ «ባረከ» ብሎ «ቡሩክ» እንደማለት።

ብዙዎች ግሱን «ማቆሸሽ» ይሉታል። ለኔ ይሄ አይበቃም። ልኩ የኛ «አጎደፈ» ነው። ሸሚዝም ይጎድፋል፣ ስምም ይጎድፋል። ጣሊያንኛውም እንደዚያው ነው። ወይን ሸሚዝ ላይ ጠብ ሲል ማክያሬ ነው፤ በወንጀል እጁን ያስገባ ሰውም «ሲ ኤ ማክያቶ» ይባላል። ካቶሊኮች ዲሴምበር 8 ቀን የሚያከብሯት «ኢማኮላታ»ም፣ ጉድፍ የሌለባት ማለት፣ ከዚያው ሥር ናት። ማክያ ደግሞ ቁጥቋጦ የበዛበት ጫካም ነው። «ዳርሲ አላ ማክያ» ሲሉ፣ እኛ ስለ ሸፈተ ሰው «ጫካ ገባ» የምንለውን ማለታቸው ነው። እንዲህ ያለ መገጣጠም በጣም ደስ ይለኛል።

ወደ ስኒው ስንመጣ፣ ጣሊያን አገር «ካፌ ማክያቶ» ወተት ጠብ የተደረገበት ቡና ነው። «ላቴ ማክያቶ» ሲሆን ግን የጎደፈው ወተቱ ነው። የኛው ወተቱ በዛ ይላል። አስተናጋጁን «ጠቆር ይበል» የምንለውም ለዚህ ነው።

አጻጻፉን በተመለከተ እኔ «ማክያቶ» ብዬ ነው የምጽፈው። ጣሊያንኛው ሦስት ቀለም ነው፦ ማክ፣ ያ፣ ቶ። «ኪ» ሲገባ አራት ይሆናል። «ታዲያ ፒያሳን ለምን ፕያሳ አትላትም?» የሚሉኝ አሉ። ፒያሳ ላይ ሁለቱ ተነባቢዎች የሚገጥሙት ገና ቃሉ ሲጀምር ነው፤ አማርኛ እዚያ ቦታ አናባቢ ይፈልጋል። መሃል ላይ ግን «ጣልያን» ስንል ማን ተቸገረ?

የሚከብደኝ ሌላው መከራከሪያቸው ነው። በጣሊያንኛው «ክ» ይጠብቃል። ጠብቆ ሲነበብ ሦስት ተነባቢ ይደረደራል፤ ይህን አማርኛ አይሸከምም፣ የግድ «ኪ» ይላል። እውነታቸውን ነው። ሜኑውም የሚጽፈው «ማኪያቶ» ብሎ ነው፤ አፋችንም የለመደው እሱን ነው። ስለዚህ እርስዎ «ማኪያቶ» ብለው ቢጽፉ ስህተት አልልዎትም። እኔ ግን ለጆሮዬ «ማክያቶ» ይሻለኛል፤ በሱው እቀጥላለሁ።