የፍሬን ዘይቱ የት ገባ?

ጥያቄ፦ እ.ኤ.አ. የ1967 ሞዴል ኤምጂቢ (የእንግሊዝ ስፖርት መኪና) አለኝ። የፍሬን ዘይቱ በየሁለት ሳምንቱ አንድ ጣት ያህል ይጎድላል፤ መሬት ላይ ግን ጠብታ አላየሁም። ፔዳሉም ላላ ብሏል። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ እባክዎ ምንጩ እስኪገኝ መኪናዋን አይንዱ። የዚያ ዘመን ኤምጂቢ የፍሬን መስመሩ አንድ ብቻ ነው፤ አንድ ቦታ ከተበጠሰ አራቱም ጎማ ፍሬን ያጣል።

መሬቱ ደረቅ ሲሆን እኔ መጀመሪያ የምሄደው ወደ ፔዳሉ ነው። ምንጣፉን ያንሱና የማስተር ሲሊንደሩ (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ የሚገፋው ክፍል) ዘንግ ከፔዳሉ ጋር በሚገናኝበት በኩል በነጭ ጨርቅ ያብሱ። ጎሚኒው ካለቀ ዘይቱ ፔዳሉን ተከትሎ ይወርድና ምንጣፉ ስር ይጠራቀማል። ወለሉን በጥፍርዎ ጫር ያድርጉት። አንድ ጊዜ እንዲህ ስፈትሽ ቀለሙ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነስቶ እጄ ላይ ቀርቷል፤ የፍሬን ዘይት ቀለም ይበላል።

እዚያ ከሌለ የኋላ ታምቡሮቹን (የኋላ ጎማዎቹን ፍሬን የሚሸፍኑትን ክብ ብረቶች) ይክፈቱ። አቧራውን በአየር እንዳይነፉት፣ የድሮ የፍሬን ሸራ (ታምቡሩን ፈግፍጎ የሚያቆመው ክፍል) አስቤስቶስ፣ ማለትም ሲተነፈስ ሳንባ የሚጎዳ ማዕድን፣ ሊኖረው ይችላል። ታምቡሩ ውስጥ ሸራውን የሚገፋውን ትንሽ ሲሊንደር የአቧራ መከላከያ ላስቲክ ጫፍ በቀስታ ገለጥ ያድርጉ፤ ከውስጡ ዘይት ከወጣ ሌባው ተያዘ። ዘይት የጠጣ ሸራ ታጥቦ አይድንም፤ በሁለቱም ጎማ ይቀየር።

ሰርቮ (በሞተሩ የአየር መሳብ ኃይል ፍሬኑን የሚያግዝ መሣሪያ) ተገጥሞላት ከሆነ ደግሞ ሞተሩ ዘይቱን ስቦ እያቃጠለው ሊሆን ይችላል። ሰርቮውን ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘውን የቫኪዩም ቱቦ ነቅለው ውስጡን ይዩ፤ እርጥብ ከሆነ ሰርቮው ይፈታ።