ባልበላሁት ዕዳ ደመወዜ ሊቆረጥ ነው

ጥያቄ

ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ። በአዲስ አበባ በአንድ የግል ፋርማሲ ውስጥ በድራጊስትነት ስሠራ አምስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ከሁለት ሳምንት በፊት ቅዳሜ ጠዋት ተረኛዋ እኔ ነበርኩ። ሰባት ሰዓት ላይ ከመውጣቴ በፊት የመድኃኒት ማቀዝቀዣውን ሙቀት አንብቤ በመመዝገቢያ ቅጹ ላይ 4 ዲግሪ ብዬ ጽፌ ፈረምሁ። ከሰዓት በኋላ የተካችኝ ባልደረባዬ እስከ ምሽት ሠርታ ዘግታ ወጣች። እሑድ ዝግ ነን። ሰኞ ጠዋት ከፍቼ ስገባ የማቀዝቀዣው ገመድ ተነቅሎ፣ በእርሱ ቦታ የሻይ ውኃ ማፍያው ተሰክቶ አገኘሁ፤ ቴርሞሜትሩ 21 ዲግሪ ያነብ ነበር። ወዲያው በስልኬ ፎቶ አንሥቼ ለፋርማሲስቱ ላክሁለት፤ እርሱም መጥቶ በውስጡ የነበረውን ኢንሱሊን ሁሉ እንዳይሸጥ ለይቶ አስቀመጠ። በቅጹ ላይ የቅዳሜ ማታው መስመር ባዶ ነው።

አሠሪያችን ግን ነገሩን ሳያጣሩ «ፍሪጁ በአንቺ ኃላፊነት ሥር ነው፤ ያገኘሽውም አንቺ ነሽ» በማለት፣ ጥፋቱን አምኜ ለአምስት ወር ግማሽ ደመወዜ እንዲቆረጥ የምስማማበትን ደብዳቤ አዘጋጅተው ከቀጣዩ የደመወዝ ቀን በፊት ፈርሜ እንድመልስ ሰጥተውኛል። ባልደረባዬ እስከ ዛሬ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። እኔም ስሟን አላነሣሁም፤ ሴት ልጇን ክርስትና ያነሣሁት እኔ ነኝና አበልጄ ናት። ብናገር አሳባቂ እባላለሁ፤ ዝም ብል የቤት ኪራይ የምከፍለው የለኝም። ምን ባደርግ ይሻለኛል?

መልስ

ውድ ጠያቂያችን፣ ከሁሉ አስቀድመን የምንለምንዎ ያንን ደብዳቤ እንዳይፈርሙ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ ከሠራተኛው ደመወዝ ላይ እንዲቆርጥ የሚፈቅድለት፣ ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት ወይም የሥራ ደንብ ሲደነግግ፣ ፍርድ ቤት ሲያዝ፣ ወይም ሠራተኛው ራሱ በጽሑፍ ሲስማማ ብቻ ነው። አሠሪዎ ፊርማዎን አጥብቀው የፈለጉት ለዚሁ ይመስለናል፤ ዛሬ በእጃቸው የሌለውን መብት የሚሰጣቸው የእርስዎ ፊርማ ሊሆን ይችላልና። ስምምነት ቢኖር እንኳ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከወር ደመወዝ አንድ ሦስተኛ መብለጥ ስለማይችል፣ ግማሽ ደመወዝ የሚለው ሐሳብ ከመነሻው ከአዋጁ ጋር ይጋጫል። ደብዳቤው መድረሱን ብቻ በፊርማ እንዲያረጋግጡ ከተጠየቁ፣ ከፊርማዎ በላይ «ደብዳቤው ደርሶኛል፤ በይዘቱ ግን አልስማማም» ብለው በእጅዎ ይጻፉ፤ ቀኑን ያስፍሩ፤ ቅጂውንም ይያዙ።

አለመፈረም ብቻውን ግን አይበቃም። ውሎ ሲያድር ዝምታዎ እንደ ማመን ሊታይብዎ ይችላል፤ ደግሞም መልስ ያላገኘ ደብዳቤ ከሠራተኛ ማኅደር ውስጥ ገብቶ ከዓመታት በኋላ ለሌላ ነገር ሲጠቀስ አይተናል። ስለዚህ በጽሑፍ ይመልሱ። መልስዎ ከአንድ ገጽ አይብለጥ፤ የሚናገረውም ስለ ማቀዝቀዣው እንጂ ስለ ሰው አይሁን። ቅዳሜ በሰባት ሰዓት ንባቡ 4 ዲግሪ እንደ ነበር፣ የቅዳሜ ማታው ንባብ እንዳልተመዘገበ፣ ሰኞ ጠዋት ማቀዝቀዣው ከመብራት ተነቅሎ በ21 ዲግሪ እንደ ተገኘና በዚያው ሰዓት ለፋርማሲስቱ እንዳሳወቁ በቅደም ተከተል ያስፍሩ፤ የቅጹን፣ የፎቶውንና የተረኞችን ሰሌዳ ኮፒ ያያይዙ። የቅዳሜ ከሰዓት ተረኛ ማን እንደ ነበረች ሰሌዳው ራሱ ስለሚናገር፣ ስም መጥራት አያስፈልግዎትም።

ደብዳቤውን ከመጻፍዎ በፊት ግን ዛሬውኑ የሚያደርጉት አንድ ነገር አለ፤ የመመዝገቢያ ቅጹን ፎቶ ያንሡት። ዛሬ ባዶ የሆነው መስመር ነገ በሌላ እስክሪብቶ ተሞልቶ ሊገኝ ይችላል። ማንንም ለመጠርጠር አይደለም፤ ሰው ሲፈራ የሚያደርገውን አያውቅም። በሰኞው ዕለት ያነሡትን ፎቶና ለፋርማሲስቱ የላኩበትን መልእክት ከስልክዎ አያጥፉ፤ ሰዓቱ የተመዘገበው እዚያው ላይ ነውና። ጠዋትና ማታ ቁጥር መጻፍ ለብዙ ሠራተኛ ትርፍ ልፋት ይመስለዋል፤ ዛሬ ግን እርስዎ ከሥራ የወጡት ማቀዝቀዣው በደኅና ሁኔታ ላይ እያለ መሆኑን የሚመሰክርልዎ ያ በእጅዎ የጻፉት «4» ነው።

እርስዎም የጎደለዎትን አይሸሽጉ። ቅዳሜ ሲወጡ ከተተኪዎ ጋር ስለ ርክክብ ፊርማ አልጻፉልንም፤ ካልተፈራረማችሁ ይህንኑ በግልጽ ጽፈው፣ ከእንግዲህ በየፈረቃው በፊርማ ርክክብ እንዲደረግና የማቀዝቀዣው ሶኬት ለሌላ ዕቃ እንዳይውል ይጠይቁ። የራሱን ጉድለት ያልደበቀ ሰው ስለ ቀረው ነገር ሲናገር ይታመናል።

የጉዳቱም መጠን መጣራት አለበት። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ ይኖርበታል፤ ሆኖም ብዙዎቹ የኢንሱሊን ዓይነቶች በተወሰነ የክፍል ሙቀት ለአራት ሳምንት ያህል መቆየት እንደሚችሉ አምራቾቹ በመመሪያቸው ይገልጻሉ። የትኛው ይወገድ፣ የትኛው ይቆይ የሚለውን የሚወስነው ፋርማሲስቱ ነው፤ እርስዎም ሆኑ አሠሪዎ በግምት የምትወስኑት አይደለም፤ ኢንሱሊኑን የሚወጋው ሕመምተኛ ሕይወቱን አምኖበት ነውና። እርስዎ የሚጠይቁት ይህ ውሳኔ በጽሑፍ እንዲሰጥና፣ ጠፋ የተባለው ዕቃ ዝርዝር ከነመግዣ ዋጋው እንዲቀርብ ነው። እስካሁን በደብዳቤው ላይ ያለው የወራት ቁጥር ብቻ ከሆነ፣ ማን ምን ያህል እንዳጎደለ ገና አልተሰላም ማለት ነው።

ከሥራ ቢያስወጡኝስ ብለው ይፈሩ ይሆናል። በንብረት ላይ በደረሰ ጉዳት ምክንያት ያለ ማስጠንቀቂያ ማሰናበት የሚቻለው ጉዳቱ ሆን ተብሎ ወይም በከባድ ቸልተኝነት ሲደርስ ነው፤ ምክንያቱም በጽሑፍ ሊሰጥዎ ይገባል። ያላግባብ ከተሰናበቱ ወደ ሥራ ለመመለስ የሚቀርበው ክስ በሦስት ወር ውስጥ፣ ያለ አግባብ የተቆረጠ ደመወዝ ጥያቄ ደግሞ በስድስት ወር ውስጥ መቅረብ አለበት፤ ካለፈ በይርጋ ይታገዳል። ሠራተኛ በሥራ ክርክር ችሎት ለሚያቀርበው ክስ የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም። ከዚያ በፊት ግን የአካባቢዎን የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ቢያማክሩ ነገሩ በቀላሉ ሊያልቅ ይችላል።

ስለ አበልጅዎ የጻፉት ነው ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበን። አሳባቂ የሚባለው ሳይጠየቅ ከሰው ጀርባ ሄዶ ለአለቃ ጆሮ የሚያቀብል ሰው ነው። እርስዎ ግን በስምዎ ለተጻፈ ክስ መልስ እየሰጡ ነው፤ በዚያ ላይ መልስዎን ከአሠሪዎ በፊት ለእርሷ ሊያሳዩ ይችላሉ። ፋርማሲው ውስጥ አይሁን፤ ቤቷ ይሂዱና ደብዳቤውን እንድታነበው ይስጧት። ራሷ ቀርባ እንድትናገር ሁለት ቀን ስጧት፤ ከተናገረች አሠሪዎ ፊት አብረዋት ይቁሙ፤ ሶኬቱን የነቀለችው ለሻይ ውኃ ተቸኩላ ሊሆን ይችላልና፣ በእርስዎ ላይ የበዛው ግማሽ ደመወዝ በእርሷም ላይ እንዳይጫን ያማልዱላት። ዝም ካለች ደግሞ ደብዳቤውን የደመወዝ ቀን ሳይደርስ በሁለት ቅጂ ያስገቡ፤ አንዱ ላይ ተቀባዩ ቀን ጽፎ እንዲፈርምልዎ ያድርጉና ወደ ቤትዎ ይውሰዱት።