አለቃዬ ቀናብኝ፤ ልታገሥ ወይስ ልሂድ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእርስዎ ይሁን መምህር። የቢሮ አለቃዬ ድሮ በጣም ይወደኝ ነበር። በስብሰባ ላይ ከበላይ ያሉት ኃላፊዎች ስሜን ጠርተው ካመሰገኑኝ ወዲህ ግን ዓይኑ ተቀየረ። ማንም ያልቻለውን ሥራ እንደ ዕድገት አድርጎ ይሰጠኛል፣ ሲበላሽ ደግሞ ማስጠንቀቂያ ይጽፍብኛል። ይቅርታ ጠይቆኝም ያውቃል፤ ሳምንት ሳይቆይ ያው ነው። ለንስሐ አባቴ አለቃዬ እንዳስቸገረኝ ስነግራቸው «እንደ ዳዊት ታገሺ» አሉኝ። ሌላ ሥራ አግኝቻለሁ፤ ብሄድ ግን እምነት ማጣት እየመሰለኝ ፈራሁ። ጓደኛዬ ደግሞ «ዳዊት ድገሚበት» ትለኛለች። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እኅቴ፣ ሰላምሽ ይብዛ። የንስሐ አባትሽ እውነት ብለዋል፣ እንደ ዳዊት ታገሺ። ግን ዳዊት የታገሠው እንዴት ነበር? ብዙዎቻችን ትዕግሥት ሲባል ጦር እየተወረወረብን ግድግዳ ሥር ቆሞ መጠበቅ ይመስለናል። ዳዊት እንደዚያ አላደረገም።

1ኛ ሳሙኤል 18ን አውጪ። ዳዊት ጎልያድን ገድሎ ከንጉሡ ከሳኦል ጋር ሲመለስ ሴቶች ከበሮ ይዘው ወጡ፤ «ሳኦል ሺህ፣ ዳዊትም እልፍ ገደለ» እያሉ ዘፈኑ። ሺህ ገደለ መባል ስድብ አይደለም፣ ሳኦልም ተመስግኗል። እሱ የሰማው ግን የራሱን ሺህ ሳይሆን የዳዊትን እልፍ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ በክፉ ዓይን ያየው ጀመር፤ በማግስቱ ዳዊት በገና ሲደረድርለት ጦር ወረወረበት። ዳዊት ሁለት ጊዜ ዘወር አለ። ዘወር አለ! ጦሩን አንሥቶ አልመለሰበትም፣ ደረቱንም አልሰጠውም።

ጦሩ ሲስተው ሳኦል ዘዴ ቀየረ። ይህን ቦታ ቀስ ብለሽ አንብቢው። ዳዊትን የሺህ አለቃ አደረገው። ትልቋን ልጁን ሜሮብን እሰጥሃለሁ አለው፤ ቀኑ ሲደርስ ለሌላ ሰው ዳራት። ታናሿ ሜልኮል ዳዊትን እንደወደደች ሲሰማ ደስ አለው፤ ደስታው ግን ስለ ልጁ አልነበረም። ጥሎሽ አልፈልግም፣ የመቶ ፍልስጥኤማውያን ሸለፈት ብቻ ይበቃኛል ብሎ ላከበት። ላይ ላዩን ስታይው ሹመት ነው፣ የንጉሥ አማች መሆን ነው። በልቡ ያሰበው ግን «የእኔ እጅ አይንካው፣ ፍልስጥኤማውያን ይግደሉት» የሚል ነው። ዳዊት ሄደ፣ በመቶ ፈንታ ሁለት መቶ ይዞ መጣ። ሳኦልም ይበልጥ ፈራው።

አለቃሽ የሚሰጥሽ «ዕድገት» የዚህ ዓይነት ይሁን አይሁን እኔ አላውቅም፤ አንቺም ልቡን ገብተሽ አላየሽም። ስለዚህ በልቡ ላይ አትፍረጂ። ሥራሽን ግን ጥንቅቅ አድርጊ፣ የታዘዝሽውንም የሠራሽውንም በጽሑፍ ያዢ። ዳዊትም በመንገዱ ሁሉ አስተውሎ ይሄድ ነበር ይላል።

ቅናት ደግሞ ወሬ አቀባይ አያጣም። የሳኦል ወሬ አቀባይ ኤዶማዊው ዶይቅ ነበር። ካህኑ አቢሜሌክ ለዳዊት እንጀራና የጎልያድን ሰይፍ ሲሰጥ አይቶ ለንጉሡ ነገረ፤ በአንድ ቀን 85 ካህናት ታረዱ። ዳዊት በኋላ ለአቢሜሌክ ልጅ ለአብያታር «ለአባትህ ቤት መጥፋት ምክንያቱ እኔ ነኝ» ብሎ አዘነ። የሥራ ጓደኞችሽን «ከእኔ ጋር ናችሁ ወይስ ከእሱ ጋር» እያልሽ አታሰልፊያቸው፤ ልጆች የሚያሳድጉ ናቸው፣ ጦሱ ለእነሱ ይተርፋል።

አሁን ወደ ፍርሃትሽ ልምጣ። ዮናታን ስለ ዳዊት አባቱን ለመነ፣ ሳኦልም «ሕያው እግዚአብሔርን! አይገደልም» ብሎ ማለ። ዳዊት አመነው፣ ወደ ቤተ መንግሥት ተመለሰ። ብዙም ሳይቆይ ያው ጦር ተወረወረ፤ በዚያች ሌሊት ሜልኮል በመስኮት አውርዳ አስመለጠችው። ሮጦ የሄደው መጀመሪያ ወዴት እንደሆነ ታውቂያለሽ? ራማ፣ ወደ ነቢዩ ሳሙኤል። ሳኦል ያደረገበትን ሁሉ ነገረው። ጎልያድን የገጠመ ሰው በመስኮት ወረደ ብሎ መጽሐፍ አይነቅፈውም።

ከዚያ የዓይንጋዲ በረሃ አለ። ሳኦል ብቻውን ዋሻ ገባ፣ ዳዊትና ሰዎቹ ውስጥ ተደብቀዋል። ሰዎቹ «ቀኑ ዛሬ ነው» አሉት። ዳዊት የሳኦልን ልብስ ጫፍ ብቻ ቆረጠ፣ ለሷም ልቡ መታው። ግን ዝም ብሎ አልቀረም፤ ወጣና ጨርቁን እያሳየ በደሉን ፊት ለፊት፣ በአክብሮት፣ «አባቴ ሆይ» እያለ ነገረው። ሳኦል ድምፁን ከፍ አድርጎ አለቀሰ፣ «አንተ ከእኔ ይልቅ ጻድቅ ነህ» አለው። እንግዲህ የምዕራፍ 24ን የመጨረሻ ቁጥር እዪልኝ፦ ሳኦል ወደ ቤቱ ሄደ፣ ዳዊትና ሰዎቹ ግን ወደ አምባው ወጡ። ዳዊት ከሳኦል እንባ ጋር አብሮ አልወረደም።

ሁለተኛም ሳኦል በሰፈሩ ተኝቶ ሳለ ዳዊት ገብቶ ጦሩንና የውኃ መያዣውን ከራስጌው ወሰደ፣ አብሮት የገባው አቢሳ «ልውጋው» ሲለው ከለከለው። ሳኦል ነቅቶ «በድያለሁ፣ ልጄ ዳዊት ሆይ፣ ተመለስ» አለ። ዳዊት ምን መለሰ? «የንጉሡ ጦር ይኸው፣ ከብላቴኖቹ አንዱ መጥቶ ይውሰደው።» ጦሩን መለሰለት፣ ራሱ ግን ይዞለት አልሄደም። ይቅር ማለት አንድ ነገር ነው፣ ተመልሶ በጦሩ ርቀት መቀመጥ ሌላ ነገር ነው። ስለዚህ ሥራ መቀየርሽ እምነት ማጣት አይደለም። ብትሄጂም ስሙን እያነሣሽ እሱን ለመጣል አትድከሚ።

ሽሽት ሁሉ መልካም ነው ማለቴ ግን አይደለም። ዳዊት በቅዒላ ከተማ ሳለ እግዚአብሔርን ጠይቆ ነው የወጣው። በኋላ «አንድ ቀን በሳኦል እጅ እጠፋለሁ» ብሎ በልቡ ወስኖ ወደ ፍልስጥኤማውያን ከተማ ወደ ጌት ሲገባ ግን ንጉሡን አንኩስን እየዋሸ ኖረ። አንቺም ጸልዪና ወስኚ።

«ዳዊት ድገሚበት» ስለተባለው፦ መዝሙረ ዳዊት ድገሚ፣ በሰው ላይ ግን አትወርውሪው። መዝሙር 108ን (በአንዳንድ እትም 109) የመሰሉ ጠላትን የሚረግሙ ብርቱ ቃላት አሉ፣ አልክድሽም። ዳዊት ፍርዱን ለእግዚአብሔር ሰጥቶ እጁን ሰበሰበ፤ ሳኦል በጊልቦዓ ተራራ ሲሞትም ልብሱን ቀድዶ አለቀሰለት፣ ጾመም። አለቃሽ ቢታመም የምታለቅሺለት ከሆነ ድገሚ። ካልሆነ መዝሙር 50 (በአንዳንድ እትም 51)፣ የዳዊት የንስሐ ጸሎት፣ ይሻልሻል።

መዝሙር 50ን ያነሣሁት በምክንያት ነው። ያ የተሳደደ ዳዊት ሲነግሥ የወታደሩን የኦርዮን ሚስት ወሰደ። ኦርዮን በገዛ እጁ አልገደለውም፤ ውጊያው ከበረታበት ፊት አቁሙት ብሎ ለጦር አለቃው ለኢዮአብ ጻፈ፣ ደብዳቤውን ያደረሰው ራሱ ኦርዮ ነው። ሳኦል በፍልስጥኤማውያን እጅ ሊያደርግበት የፈለገውን እሱ በአሞናውያን ሰይፍ በሌላው ላይ አደረገው። እኅቴ፣ አንቺም ነገ አለቃ ትሆኚያለሽ፤ ካንቺ በታች አንዲት ልጅ ስሟ ተጠርቶ ትመሰገናለች።

ለአሁኑ ግን የንስሐ አባትሽ ዘንድ ተመለሺ። «አስቸገረኝ» ብቻ ብለሽ ከሆነ የነገርሻቸው፣ የመለሱልሽም በዚያው ልክ ነው። ስለ ማስጠንቀቂያው፣ ስለ ይቅርታው፣ ስላገኘሽው ሥራም ሁሉንም ንገሪያቸው። በዕለት ጸሎትሽ ላይ መዝሙር 56ን ጨምሪ፤ በአንዳንድ እትም 57 ተብሎ ታገኚዋለሽ። ዳዊት ከሳኦል ፊት ወደ ዋሻ በሸሸ ጊዜ የጸለየው ነው።